ያልተበላ ደቦ

ማንበብ ሰውን ደግ ያደርጋል ይባላል። አያደርግም። በዕድሜዬ ካየኋቸው ክፉ ሰዎች መካከል የመጽሐፍ መደርደሪያ ያልነበረው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ዓይኑን ስለሚያመው ነበር። ከደጎቹ ብዙዎቹ ደግሞ ጋዜጣ የሚያውቁት ስኳር ተጠቅልሎበት ሲመጣ ነው።

ይህን የምለው መጻሕፍትን ጠልቼ አይደለም። ቤቴ ውስጥ ከእንግዳ ይልቅ መጽሐፍ የተሻለ መቀመጫ አለው። ነገር ግን በየጊዜው ወጣቶች እየመጡ «ሰውን በሚገባ መርዳት እንፈልጋለን፤ ምን እናንብብ?» ይሉኛል። የተከበረ ጥያቄ ነው። ለተከበረ ጥያቄ ሰው ሳያስበው የተከበረ መልስ ይሰጣል፤ የአንዳንድ ወፍራም መጻሕፍት ርእስ ጠርቶ ልጁን በባዶ ሆዱ ይሸኘዋል። እኔ ይህን የተውኩት ፍኖተ ሰላም ሳስተምር ነው፤ ምክንያቱም የአንድ ጥሩ መጽሐፍ ምክር የአንዲትን ሴት ጤፍ ለአረም አሳልፎ ሊሰጥ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ።

ዘመኑ የግምገማና የአንድ ለአምስት ዘመን ነበር። ገበሬው በአምስት ይደራጃል፣ ሠራተኛው በአምስት ይደራጃል፣ ተማሪው በአምስት ይደራጃል፤ አራት ሆነው ሻይ የሚጠጡ ሰዎች አንድ ሰው የጠፋባቸው ይመስል ዙሪያቸውን ያያሉ። በዚያ ሁሉ አደረጃጀት መካከል ማንም ሳያዘን በፈቃዳችን የምንሰበሰብ የንባብ ክበብ ነበረን። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መውጫ በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት አዳራሽ እየተገናኘን ባነበብነው ነገር እንጨቃጨቃለን። ሰብሳቢያችን ከደሴ ተመድባ የመጣች የዚያው መሥሪያ ቤት የፋይናንስ ባለሙያ ነበረች፤ ቅን፣ ቀልጣፋ፣ መጽሐፍ ስታነብ በቀይ እስክሪብቶ የምታሰምር ሴት። በቀይ የተሰመረ ነገር ለእሷ መመሪያ ነው።

ያን ክረምት የያዝነው መጽሐፍ ሰውን በውጤታማ መንገድ ስለ መርዳት የሚያስተምር ትርጉም ነበር። መጽሐፉ ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ማንም ስለማይሰማው ጉዳት አያደርስም ነበር። ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ሰው ያምነዋል። ከምክሮቹ አንዱ፣ ሊረዳ የሚሄድ ሰው ለሚረዳው ሰው ወጪ መሆን የለበትም፣ የድሀ ጓዳ እያራቆቱ ረዳሁ ማለት አይገባም የሚል ነበር። ሰብሳቢያችን ይህችን ሁለቴ አስምራባታለች።

አንድ ሐሙስ ክበቡን ራሱን ገመገመችው።

«እያነበብን ነው፤ ግን ማንን ጠቀምን?»

«እኔን ጠቅሞኛል» አልኳት። «ሐሙስ ማታ ሌላ የምሄድበት የለኝም።»

«ጋሼ፣ እባክዎ፣ ቁም ነገር ነው የምናወራው።»

የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር መጽሐፉን ሳያነብ ለክርክሩ ብቻ የሚመጣ አባላችን ነበር። እሱ እጁን አወጣ። «የአጎቴ ሚስት አለች» አለ። «አጎቴ አምና ሞተ። በርበሬዋ ኩትኳቶ ፈልጓል፤ ጤፏም አለ።»

ሴትዮዋን አውቃታለሁ። ወደ ጅጋ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ጎጥ እየመጣች ፍኖተ ሰላም ገበያ በርበሬ የምትሸጥ ደንበኛዬ ነበረች። «ደንበኛዬ» ስል ማን ማንን እንደመረጠ ግልጽ ላድርግ። ይህች ሴት በርበሬዋን የምትሸጠው ልጇን እንደምትድር ነው፤ የገዢውን ቤት ታጣራለች። «መምህር፣ የት ነው የሚያስፈጩት?» ትለኛለች። «ያ እህል የፈጨበትን ወፍጮ ሳያጸዳ በርበሬ የሚጨምርበት ሰውዬ ጋ ከሆነ፣ ሌላ ቦታ ይግዙ።» አንድ ዓመት ሽሮዬን ማን እንደሚያዘጋጅልኝ ካልነገርኳት አልሸጥም ብላኛለች። እንዲህ ያለች ሴት ልንረዳ ነው የተነሳነው።

ፍልሰታ እንደተፈታ ባለው ቅዳሜ፣ በሾፌሩ በኩል ቃል ልከን፣ በጋሪ ተጭነን ሄድን። ሥራውን ታበላሻላችሁ ብላችሁ ከፈራችሁልን አትፍሩ። ከክበቡ ከግማሽ በላዩ የገበሬ ልጅ ነው። አንዱ ከደጋ ዳሞት፣ ሌላው ከቡሬ ገጠር፤ ክራቫት ከማሰራቸው በፊት መኮትኮቻ ያውቃሉ። ሰብሳቢያችን ብቻ ከተማ ያደገች ስለሆነች ውኃ ስታቀብል ዋለች፤ እሱንም በደንብ አቀበለች። እኔ ያጠፋሁት ችግኝ የለም፤ ብዙ ስላልኮተኮትኩ። እኩለ ቀን ላይ በርበሬው አለቀ፤ አፈሩ ታቅፎት ሲያዩት ዓይን ይጠግባል።

ዓይን ብቻ ነው የጠገበው። ሴትዮዋ ሌማት ተሸክማ፣ ጎረቤቷን የጠላ ማሰሮ አስይዛ ከቤት ወጣች። ሰብሳቢያችን ፈገግ ብላ ተነሳች።

«እትዬ፣ እባክዎ አይቸገሩ። እኛ የራሳችንን ይዘናል።»

«ምን ይዛችኋል?»

«ዳቦና ሙዝ። ውኃም አለን።»

ሴትዮዋ ሌማቱን እንደተሸከመች ቆመች። «ለማን?»

«ለራሳችን። እርስዎን ወጪ ማስወጣት አንፈልግም። መርሐችን ነው።»

«መርሕ» አለች ሴትዮዋ፣ የማታውቀው ሰው ስም እንደተጠራባት ሁሉ። «እሽ። ጠላውስ?»

«ይቅርታ፣ ሥራ ላይ አንጠጣም።»

«ሥራውማ አልቋል።»

በዳቦው ላይ ተቃውሞ ያሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጥበበኛ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ዳቦው የትናንት ስለነበር ነው። ድምፅ አላገኘሁም። ደጇ ላይ ካለ ዋንዛ ሥር ተቀመጥን። ሴትዮዋ እንዳትጨነቅ ብለን ጀርባችንን አዞርንላትና ደረቅ ዳቦ አላመጥን። ከሁሉም የባሰው ንጽሕናችን ነው። ግቢዋን እንዳናቆሽሽ የሙዙን ልጣጭ ሳይቀር በፌስታል ይዘን ተመለስን። እዚያ ቤት ሰው በልቶ እንደነበር የሚመሰክር አንድ ፍርፋሪ አልቀረም። ከጎን ባለው ማሳ ላይ ደግሞ የጎጡ ሰው ተሰልፎ ጤፍ ያርም ነበር፤ ቀና እያለ ወደኛ ያይ ነበር።

ለማያውቅ ልንገር። በዚያ አገር ሥራ የሚረዳዱበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ደቦ ነው፤ ሰው ትጠራለህ፣ ይሠራልሃል፣ አብልተህ አጠጥተህ ትሸኛለህ፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሁለተኛው ወንፈል ነው፤ ዛሬ እኔ ዘንድ ትውላለህ፣ ነገ እኔ አንተ ዘንድ እውላለሁ፣ ቀን በቀን ይመለሳል። ሦስተኛ መንገድ የለም። በነጻ የሚደረግ ነገር አለ ከተባለ ቀብር ነው፤ እሱም ቢሆን ተራ በተራ ነው። ይህን ከእኛ መካከል የማያውቅ የገበሬ ልጅ አልነበረም። ግን ደመወዝ የሚባል ነገር አለ፤ ሰው ወር ጠብቆ መቀበል ሲለምድ ማን ለማን እንደሠራ ይረሳል።

በሚቀጥለው ሐሙስ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ቀደም ብዬ መሥሪያ ቤቱ ደረስኩ። በሩ ላይ ጥበቃው ከሰዎች ጋር ይከራከራል። ሴትዮዋ ናት። ወንድሟንና የወንድሟን ሚስት አስከትላለች፤ ሦስቱም መኮትኮቻ ይዘዋል።

«ስለት ያለው ነገር ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይላል ጥበቃው።

«መኮትኮቻ ሳልይዝ በጥፍሬ ልቆፍር?» ትላለች። ስታየኝ ወደኔ ዞረች። «መምህር፣ እስቲ ያችን የዳቦዋን ልጅ ይጥሩልኝ።»

ሰብሳቢያችን ከቢሮዋ ወረደች። ደስ አላት።

«እትዬ፣ እንዴት ነዎት? ምን እንርዳዎት?»

«ኧረ በቃኝ። ልመልስ ነው የመጣሁ።»

«ምን?»

«ቀን ነዋ። የዋላችሁልኝን።»

«እሱ እኮ በነጻ ነው፣ እትዬ።»

«በነጻ» አለች ሴትዮዋ፤ ወንድሟን አየችው፤ ወንድሟ መሬት አየ። «አንች ልጅ፣ ከቤቴ እህል ያልቀመስሽው ተጸይፈሽኝ ነው?»

«በጭራሽ!»

«እንግዲያ ወንፈል ነው። ያልበላ ሰው ወንፈል ነው፤ ወንፈል ይመለሳል። ማሳችሁ ወዴት ነው?»

ነገሩ የገባን ያኔ ነው። ጎጡ ውስጥ የወንፈል ተራ የሚያወጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። የእኛ ሥራ በተሠራ ማግሥት ሴትዮዋ ለጤፏ ተራ ልትጠይቅ ብትሄድ፣ ሽማግሌው እንዲህ አሏት፦ ከከተማ ሰው አምጥተሽ አውለሻል፤ ሲበሉም አላየን፤ እንግዲህ የዚያ ሁሉ ሰው ቀን አለብሽ። የእነሱን ቀን ሳትመልሺ ለኛ የምትመልሺውን ቀን ከየት ታመጫለሽ? ተራዋ ለሌላ ተሰጠ። ይህ የጨዋው ንግግር ነው። ሌላው ሰው ያወራው ባሏ ከሞተ ወዲህ ነፍጋለች፣ እንግዳ በዳቦ ትሸኛለች እያለ ነው።

«ጤፉን ለብቻዬ አርሜ አልደርስበትም» አለችን። «አሁን ካልታረመ የማጭደው ጤፍ አይሆንም፤ ሙጃ ነው። ልጆቼ ሙጃ አይበሉ። በሉ ማሳችሁን አሳዩኝ።»

«እትዬ፣ መሥሪያ ቤት ነው። ማሳ የለንም» አለች ሰብሳቢያችን።

«ታዲያ ምንድን ነው የምትሠሩት?»

ሰብሳቢያችን ውሸት አታውቅም። «ብዙውን ጊዜ ሪፖርት» አለች።

«አምጡታ» አለች ሴትዮዋ፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች።

በመጨረሻ ሥራ የተገኘው በሩ ላይ ነው። ስለ አረንጓዴ ልማት የሚናገር ትልቅ ሰሌዳ ሥር የአበባ መደብ የተባለ ነገር ነበር፤ አበባውን አረሙ ከዋጠው ቆይቷል። ፈቃድ ተጠየቀ፤ የሥራ ሂደት መሪው ስብሰባ ላይ ስለነበር የሰጠ የለም፤ የከለከለም የለም። ሦስቱ ሰዎች ገቡበት። እስከ ማምሻ ድረስ መደቡን ገለበጡት። ሰብሳቢያችን ልታግዝ ብትጠጋ ሴትዮዋ «ዞር በይ፤ ሌላ ቀን ልትጨምሪብኝ ነው?» ብላ አባረረቻት። አንድ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ መጥቶ ፎቶ አነሳቸው፤ ፎቶው በኋላ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» ተብሎ ተለጠፈ።

«ተመለሰ?» አለች ሴትዮዋ እጇን እያራገፈች።

«ተመልሷል፣ እትዬ።»

«ሦስት ሰው ነን፤ እናንተ ብዙ ነበራችሁ።»

«የእርስዎ ሰዎች ጎበዞች ናቸው። ተመልሷል።»

ሴትዮዋ ረክታ ሄደች። እሷም ተሳስታለች። የተመለሰ ቀን ካልታየ እንዳልተመለሰ ነው፤ ከጎጧ ሰው ማንም አላየም። አንድ ሰው ብቻ ለጉዳይ ከተማ መጥቶ በባጃጅ ሲያልፍ አይቷታል፤ ያየውም በመንግሥት ደጅ ስትቆፍር ነው። ጎጡ ሲደርስ ወሬው «ለቀን ሥራ ወጥታለች» ሆነ። መሬት እያላት ለቀን ሥራ የወጣች ሴት ደግሞ የገዛ ቀኗ ባለቤት አይደለችም፤ ከወንፈል ጨርሳ ትወጣለች። ይህን ሾፌሩ በሳምንቱ ነገረን። እንቁጣጣሽ ተቃርቦ ነበር፤ ጤፉ ውስጥ ሙጃው ከፍ ከፍ እያለ ነው።

ሰብሳቢያችን ፊቷ ተለዋወጠ። መጽሐፉን ገለጠች፤ ከደነች። «ጋሼ» አለችኝ፣ «ስለዚህ ነገር የሚናገር መጽሐፍ ያውቃሉ?»

አሰብኩ። ስለ ምሕረት የተጻፈ አንብቤያለሁ። ስለ መሪነት፣ ስለ ድህነት መንስኤ፣ ስለ በጎ ፈቃድ፣ ሀብታም እንዴት ይስጥ ስለሚለው ያነበብኩት አንድ መደርደሪያ ይሞላል። እንግዳ ሆኖ ስለ መብላት የተጻፈ ግን አንድም ትዝ አላለኝም። የወጥ አሠራር መጽሐፍ እንኳ የሚናገረው ስለ አብሳዩ ነው።

«አላውቅም» አልኳት። «ሄደን እንብላ።»

«በተቸገረች ሴት ላይ? መርዳት ማለት ይሄ ነው?»

«ስሙን አላውቀውም። እኔን ግን ርቦኛል።»

በዚህ ጊዜ ድምፅ አገኘሁ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። ሴትዮዋ በሾፌሩ የላክነው መልእክት ደርሷት ነገሩ ከእኛ ቀድሞ ገብቷት ነበር። ምግቡን ቤት ውስጥ አላቀረበችም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ዳር፣ የጎጡ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ ላይ አጎዛና ሰሌን አነጠፈች። ሽማግሌውንም ጠርታለች፤ መጥተው በመካከላችን ተቀመጡ። ቀጭን፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ቶሎ የማይናገሩ ሰው ናቸው።

እንዲያ በልተን አናውቅም። ሴትዮዋ በላያችን ቆማ ትጠብቀናለች። «ምነው እጅሽ ሰነፈ?» ትላለች አንዷን። «አንተ ወንድሜ፣ ባለፈው ዳቦውን እንዲህ ነበር የበላኸው?» ትላለች ሌላውን። መንገደኛ ሲያልፍ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ጨምሩላቸው!» ትላለች፤ ሰው ከሌለ ዝም። ሰብሳቢያችን ጨጓራ ያማታል። ቀዩን ወጥ በጥፍሯ እየነካካች ሳለ ሽማግሌው አይተው አንድ ትልቅ ጉርሻ አጎረሷት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉና ሁለተኛውን ጠቀለሉ።

«አባቴ፣ ጨጓራ—»

«እሱም ይብላ።»

ጠላው ሁለት ዙር ከዞረ በኋላ ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ እንጠይቅ» አሉ ወደ ሰብሳቢያችን ዞረው። «ያን ዕለት ምነው አልቀመሳችሁም?»

ሰብሳቢያችን፣ ቀደም ብዬ እንዳልኩት፣ ውሸት አታውቅም።

«መጽሐፍ እያነበብን ነበር፣ አባቴ።»

«መጽሐፍ።» አሰቡበት። «ጾም ያዛል?»

«ጾም እንኳ አያዝም። ሰው ዘንድ አትብሉ የሚል ዓይነት ነገር አለው።»

«ኧ» አሉ ሽማግሌው። ሴትዮዋን አዩ፤ መንገዱን አዩ፤ ጣሳቸውን አዩ። ከዚያ ለእኛ ሳይሆን ለመንገደኛው በሚሰማ ድምፅ፣ «ስለት ነበረባቸው ለካ» አሉ።

ሴትዮዋ አንድ ትንፋሽ አልፈጀባትም። «ስለት ነበረባቸው» አለች። «የሰው ስለት ማውራት ነውር ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩ።»

«ስለት ያለበት ሰው እህል አይነካም» አሉ ሽማግሌው። «እህሉ ተቀምጦ ይጠብቀዋል እንጅ። እንግዲህ ይኸው በሉ። ዘግይቶ የተበላ ደቦ ነው፤ ደቦነቱ አይቀርም። የከተማውስ ቁፋሮ?»

«ለስለታቸው አግዤ ነው» አለች ሴትዮዋ።

ሽማግሌው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። አንድ ሰው እንኳ አላመነም፤ አንድ ሰው እንኳ አልተከራከረም። ሐሙስ ሐሙስ ስንጨቃጨቅ ከኖርነው ክርክር ሁሉ እንዲህ ያማረ ፍጻሜ ያየሁበት የለም።

«ማክሰኞ ያንች ተራ ነው» አሉ ሽማግሌው ለሴትዮዋ።

ሰብሳቢያችን ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «እኛም እንመጣለን፣ አባቴ!»

«ትመጣላችሁ?» አሏት በለሆሳስ። «ቀናችሁን ማን ይመልስላችኋል፣ ልጄ?»

ሰብሳቢያችን ተመልሳ ተቀመጠች። ሴትዮዋ እንጀራ ጨመረችላት። «አንች ብይ» አለቻት። «አንች የምትችይው ይሄን ነው፤ እሱንም ገና እየለመድሽ ነው።»

ማክሰኞ ጎጡ ወጥቶ ጤፉን አረመው። ታችኛውን ጥግ ሙጃው ቀድሞ በልቶት ስለነበር አልዳነም፤ ቀሪው ዳነ፤ ልጆቹም ዓመቱን የእናታቸውን ጤፍ በሉ። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላም በርበሬ ሸጣልኛለች፤ ወፍጮውን መጠየቋን ግን አልተወችም። ሰብሳቢያችን ወደ ሌላ ከተማ እስክትዛወር ድረስ በየበዓሉ እዚያ ቤት ትጠራ ነበር፤ ኪኒኗን ውጣ ትሄዳለች።

ከዚያ ወዲህ ስለ እርዳታ የተጻፈ መጽሐፍ ሳገኝ መጀመሪያ የማየው የጸሐፊውን ታሪክ ነው። ሁሉም ረጂዎች ናቸው። ምሁር ረጂ፣ ሀብታም ረጂ፣ ተመላላሽ ረጂ። የተረዳ ሰው የጻፈው አላጋጠመኝም፤ በሩን የከፈተው፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ከጎረቤት ጋር የቀረው ሰው የጻፈው። ያቺ ሴት አትጽፈውም፤ ሥራ አለባት፤ ደግሞም እኔን ለመሰለ አንባቢ የምትሸጠው በርበሬን ነው፤ እሱንም አጣርታ።

ስለዚህ አንተ ይህን የምታነብ፣ አንቺም፣ መቼም ሰው ረድቷችሁ የሚያውቅ ከሆነ፣ ደግ ሰዎች ቤታችሁ መጥተው ከሄዱ በኋላ ምን እንደተፈጠረ ተቀምጣችሁ ጻፉት። አታመስግኑ። አጭር አድርጉት።